ኅዳር ሲታጠን፣ ሐምሌ ሲታፈን
የአዲስ አበባ አየር በመሬቱና በወቅቱ ዓይን ሲታይ

የአዲስ አበባን አየር የማያሞግስ እንግዳ ጥቂት ነው። ከድሬዳዋ ወይም ከጋምቤላ የመጣ ሰው መጀመሪያ የሚያነሳው ቅዝቃዜውን ነው። ከዱባይና ከሪያድ ለዕረፍት የሚመጣው ወገናችንም በሐምሌ ጋቢ ተከናንቦ መቀመጡን እንደ ጸጋ ይቆጥረዋል። ምስጋናው ተገቢ ነው፤ ስህተቱ ቅዝቃዜንና ንጽሕናን አንድ አድርጎ ማየት ላይ ነው። ከተማችን ደጋ ስለሆነች አየሯ ንጹሕ ነው፣ ክረምት ሲገባ ደግሞ ዝናቡ የቀረውን ያጥበዋል የሚሉ ሁለት እምነቶች በብዙዎቻችን ዘንድ ሥር ሰድደዋል። በዚህ ዳሰሳ ሁለቱንም ከመሬቱ አቀማመጥ፣ ከወቅቶቹ ጠባይና እስካሁን ከተገኙት ልኬቶች ጋር አስተያያለሁ። አስቀድሜ ልናገርና፣ ሁለቱም ግማሽ እውነት ናቸው፤ የጎደለው ግማሽ ግን ሳንባ የሚጎዳው ነው።

ከመሬቱ እንጀምር። ከተማዋ ከባሕር ጠለል በላይ 2,355 ሜትር ገደማ ላይ ትገኛለች ይባላል። ቁጥሩ ልክ ነው፤ ግን የከተማዋን መልክ ይደብቃል። በሰሜን እንጦጦ ከ3,000 ሜትር በላይ ቆሟል። በምዕራብ ወጨጫ 3,300 ሜትርን ያልፋል፣ በደቡብ ምዕራብ ፉሪ፣ በደቡብ ምሥራቅ የረር አሉ። ከእንጦጦ ማርያም እስከ አቃቂ ሜዳ ያለው ርቀት በቀጥታ ቢለካ ከ25 ኪሎ ሜትር ብዙም አይበልጥም፤ በዚህች አጭር መንገድ መሬቱ ወደ አንድ ሺህ ሜትር የሚጠጋ ይወርዳል። ቀበና፣ ግንፍሌ፣ ባንተ ይቀጡ፣ ቁርጡሜና ሌሎቹም ወንዞች ይህንኑ ቁልቁለት ተከትለው ወደ ትንሹና ወደ ትልቁ አቃቂ ይገባሉ፤ ሁለቱ አቃቂዎች ደግሞ አባ ሳሙኤል ላይ ይገናኛሉ።

ውሃው ሲወርድ ሁሉም ያየዋል። አየሩ በዚያው ሸለቆ እንደሚወርድ ግን ልብ የሚለው ጥቂት ነው። ፀሐይ ስትጠልቅ መሬቱ ቀን ያጠራቀመውን ሙቀት ወደ ሰማይ ይለቃል፤ ደመና ከሌለ የሚመልሰው የለምና በፍጥነት ይቀዘቅዛል። መሬቱን የነካው አየርም አብሮ ይቀዘቅዛል። ቀዝቃዛ አየር ከባድ ነው፤ ከእንጦጦ ጎን ተንሸራቶ፣ የወንዞቹን ሸለቆ ይዞ፣ ሌሊቱን ሙሉ ቀስ እያለ ወደ ደቡብ ይፈስሳል። በመንገዱ ላይ ያገኘውን የማገዶ፣ የቆሻሻና የናፍጣ ጭስ እየሰበሰበ ይሄዳል። ስለዚህ ሽሮ ሜዳ የነደደ ጭራሮ ጭሱ ሽሮ ሜዳ አይቀርም።

በተለመደው ቀን ከፍ በተባለ ቁጥር አየሩ ይቀዘቅዛል። ከታች የሞቀው አየር ወደ ላይ ይወጣል፤ ጭሱንም ይዞት ይሄዳል። በበጋ ሌሊት ግን ይህ ሥርዓት ይገለበጣል። ቀዝቃዛው ከታች፣ ሞቃቱ ከላይ ይሆናል፤ ሞቃቱም በከተማዋ ላይ እንደ አክንባሎ ይደፋና ከሥሩ የሚጨሰው ሁሉ መውጫ ያጣል። ክዳኑን የምታነሳው ፀሐይ ናት፤ እሷም መሬቱን እስክታሞቅ እስከ ረፋዱ 3 ወይም 4 ሰዓት ድረስ ትቆያለች። በታኅሣሥ ማለዳ እንጦጦ ላይ ቆሞ ቁልቁል ያየ ሰው ከተማዋን አግድም የሚያቋርጠውን ግራጫ ንጣፍ ያውቀዋል። የላይኛው ጠርዙ የተቆረጠ ያህል ቀጥ ያለ ነው፤ ከጠርዙ በላይ ሰማዩ ጥርት ብሎ ሰማያዊ ነው። ሯጮቻችን ገና ሳይነጋ ወደ እንጦጦ፣ ወደ ሱሉልታና ወደ ሰንዳፋ የሚወጡት ስለ ከፍታውና ስለ ጫካው ነው፤ ሳያስቡት ግን ከዚያ ንጣፍ ውጭ ሆነው ይተነፍሳሉ። ለእነሱ "ደጋ ንጹሕ ነው" የሚለው አባባል እውነት ነው። ለአቃቂ ቃሊቲ ነዋሪ አይደለም፤ እሱም ቢሆን ከ2,000 ሜትር በላይ የሚኖር ደገኛ መሆኑን እንዳንረሳ።

መሬቱ ሁሉንም በክፉ አልሰጠንም። ከተማዋ በደቡብና በደቡብ ምሥራቅ በኩል ክፍት ናት። ነፋሷም የታወቀ ልማድ አለው፤ የዓመቱን ብዙ ክፍል ከምሥራቅ ይነፍሳል፣ በክረምት ወደ ምዕራብና ደቡብ ምዕራብ ይዞራል። የቦሌ አውሮፕላን ማረፊያ መንደርደሪያዎች ከምሥራቅ ሰሜን ምሥራቅ ወደ ምዕራብ ደቡብ ምዕራብ የተዘረጉት ያለ ምክንያት አይደለም፤ አውሮፕላን ነፋስን ፊት ለፊት ተቀብሎ መነሳትና ማረፍ ይሻላል። ከሰዓት በኋላ ይህ ነፋስ ሲበረታ የጠዋቱ ጭስ ይበተናል። እንግዲህ የበጋው ችግር የወሩ ሁሉ ሳይሆን የሰዓት ችግር ነው።

ይህን ልኬቱም መስክሯል። በ1996 ዓ.ም. ጥርና የካቲት ላይ አንድ የኢትዮጵያና የአሜሪካ ተመራማሪዎች ቡድን በከተማዋና በዙሪያዋ በ12 ቦታዎች የአየር ናሙና ወስዶ ነበር። በከተማው ውስጥ ያለው የብናኝ መጠን በቀን አማካይ በአንድ ሜትር ኩብ አየር ከ100 ማይክሮግራም፣ በዳርቻው ከ40 ማይክሮግራም በታች ሆኖ ተገኘ። ከብናኙ ክብደት ከሲሶ እስከ ሁለት ሦስተኛ የሚሆነው አፈር ነበር፤ አስፋልት የሌለው መንገድና ያልተነጠፈ የመንገድ ዳር የሚያስነሳው አቧራ ማለት ነው። በከተማው ውስጥ ከጭስ የሚመጣው ካርቦንም ከ31 እስከ 60 በመቶ ድርሻ ነበረው። የሰዓቱ ነገር ከሁሉ ይበልጥ ያስተምራል። ብናኙ ከሁሉ ከፍ የሚለው ከጠዋቱ 1 ሰዓት ገደማ፣ ከዚያም አመሻሹና ምሽቱ ላይ ነበር። ተማሪ ወደ ትምህርት ቤት፣ ሠራተኛ ወደ ሥራ፣ ታክሲ ወደ ሰልፍ የሚሄድበት ሰዓት ነው። ያ ጥናት አንድ የምሥራችም ነበረው። እርሳስ ያለበት ቤንዚን በአገሪቱ መሸጥ ከቆመ ገና ጥቂት ወራት ቢሆነውም በናሙናዎቹ ውስጥ የተገኘው እርሳስ ዝቅተኛ ነበር። አንድ ውሳኔ በወራት ውስጥ በአየር ላይ እንደሚነበብ ከዚህ የተሻለ ማስረጃ አላውቅም።

በበጋ ውስጥ ለብቻው መነሳት ያለበት ቀን ኅዳር 12 ነው። ሚካኤል ነው፣ በአዲስ አበባ ደግሞ "ኅዳር ሲታጠን" የሚባለው ዕለት ነው። ልማዱ የሚነሳው ዓለምን ካዳረሰው የ1911 ዓ.ም. ወረርሽኝ ነው፤ በእኛ ዘንድ የኅዳር በሽታ የሚል ስም የተሰጠው ያ ኢንፍሉዌንዛ በአዲስ አበባ ብቻ ወደ 10,000 የሚጠጋ ሰው እንደፈጀ ይገመታል። አልጋ ወራሽ ራስ ተፈሪም ታምመው ተርፈዋል። መቃብር ቆፋሪ የታጣበት ወር ነበር። ሕዝቡ ግቢውንና ደጁን ጠርጎ፣ ጥራጊውን አቃጥሎ፣ መጥፎውን አየር በጭስ ማባረር ጀመረ፤ በየዓመቱም ቀጠለ።

በጊዜው ይህ ሞኝነት አልነበረም። ጠርጎ ማቃጠል ዝንብንና አይጥን ይቀንሳል፤ የሚቃጠለውም ቅጠል፣ ገለባና የቤት ጥራጊ ነበር። ዛሬ ከየደጃፉ የሚከመረው ፌስታል፣ የውሃ ፕላስቲክ፣ አሮጌ ጫማ፣ አንዳንድ ሰፈር የመኪና ጎማ ነው። ይህ ሲነድ የሚወጣውን ጭስ የ1911 ሰው አያውቀውም። ቀኑ ደግሞ የዋለበት ወቅት ክፉ ነው። ኅዳር ሰማዩ የጠራበት፣ ሌሊቱ የሚቀዘቅዝበት፣ ዝናብ የሌለበት፣ ከላይ ያልነው ክዳን በየማለዳው የሚደፋበት ወር ነው። በሽታ ለማባረር የሚለኮሰው እሳት ጭሱን ይዞ የሚተኛው ከልጆች መኝታ ቤት ጋር ነው። የከተማው አስተዳደር ቆሻሻው ተሰብስቦ ይነሳ እንጂ አይቃጠል ሲል ያሳስባል፤ በአንዳንድ ሰፈር ይሰማል፣ በሌላው አይሰማም። በእኔ አስተያየት ጽዳቱ ባህል ሆኖ መቀጠል አለበት። መቅረት ያለበት ክብሪቱ ነው።

በልግን በአጭሩ እንለፈው። ከየካቲት እስከ ሚያዝያ ቀኑ ይሞቃል፣ የተሲያት ነፋስ ይበረታል፣ የታፈነ ጭስ ያንሳል። በምትኩ አቧራው ይነሳል። አቧራ ዓይን ያቃጥላል፣ አስም ያስነሳል፣ ልብስ ያበላሻል፤ አብዛኛው ግን ግዙፍ ስለሆነ አፍንጫና ጉሮሮ ላይ ይያዛል። ሳንባ ሥር ዘልቆ ወደ ደም የሚገባው ዲያሜትሩ ከ2.5 ማይክሮሜትር በታች የሆነው ደቃቅ ብናኝ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት በ2014 ዓ.ም. መስከረም ላይ ባሻሻለው መመሪያ የዚህ ደቃቅ ብናኝ የዓመት አማካይ በሜትር ኩብ ከ5 ማይክሮግራም መብለጥ የለበትም ይላል። ከዚያ በፊት 10 ነበር።

አሁን ወደ ክረምቱ፣ ብዙዎቻችን ወደምንሳሳትበት። የአሜሪካ ኤምባሲ በ2008 ዓ.ም. ማብቂያ ገደማ ደቃቅ ብናኝን በየሰዓቱ የሚለኩ ሁለት መሣሪያዎችን በከተማዋ ተከለ። ከመሣሪያዎቹ በተገኘው መረጃ ላይ የተሠሩ ትንታኔዎችን ያየ ሰው የሚደነግጠው በዓመቱ አማካይ ብቻ አይደለም። ከሰኔ እስከ ነሐሴ፣ ዝናቡ በሚያባራባቸው ሳይሆን በሚወርድባቸው ወራት፣ የደቃቁ ብናኝ መጠን ከብዙዎቹ የበጋ ወራት ከፍ ብሎ ይታያል። ትምህርት ቤት ተዘግቶ፣ የተማሪ ሰርቪስ ከመንገድ ወጥቶ፣ አቧራው ጭቃ ሆኖ እያለ ማለት ነው።

ምክንያቱ አንድ አይደለም። የመጀመሪያው የዝናብ ጠብታ ጠባይ ነው። ጠብታ ሲወርድ ከፊቱ ያለውን አየር ወደ ጎን እየገፋ ያልፋል። ግዙፉ የአቧራ ቅንጣት ከአየሩ ጋር መዞር ስለማይችል ከጠብታው ጋር ይጋጭና አብሮት ይወርዳል። እጅግ ጥቃቅኑ ደግሞ በየአቅጣጫው ሲወራጭ ጠብታው ላይ ይለጠፋል። በመካከል ያለው፣ ከማይክሮሜትር አንድ አሥረኛ እስከ አንድ ማይክሮሜትር የሚሆነው ግን አየሩን ተከትሎ ጠብታውን ዞሮ ያመልጣል። የእንጨት፣ የከሰልና የናፍጣ ጭስ አብዛኛው ክብደቱ ያለው እዚህ መጠን ላይ ነው። ዝናብ አየሩን ያጥባል የሚለው እምነት ለአቧራ ይሠራል፤ ለጭስ ብዙም አይሠራም። ከዝናብ በኋላ የረር ጥርት ብሎ ሲታየን አየሩ ሁሉ የታጠበ ይመስለናል፤ ዓይናችን የሚፈርደው በትልቁ ብናኝ ነው።

ሁለተኛው ደመናው ነው። በበጋ ቀትር ላይ ፀሐይ መሬቱን አግላ አየሩን ወደ ላይ ታንረዋለች፤ ጭሱ በሰፊው ተደባልቆ ይሳሳል። በሐምሌ ፀሐይ ከደመና ኋላ ናት። የቀኑ ሙቀት ከ20 ዲግሪ ብዙም አያልፍም፣ መሬቱ እርጥብ ነው፣ አየሩ ከፍ ብሎ የመደባለቅ ኃይል የለውም። ሌሊቱ እንደ ኅዳር አይከፋም፤ ቀኑ ግን እንደ ኅዳር አያነጻም። የጠዋቱ ጭስ ሳይበተን የከሰዓቱ ይደርብበታል። በጋ ጠዋት አፍኖ ቀትር ላይ ይለቃል፤ ክረምት ቀስ አድርጎ ቀኑን ሙሉ ያፍናል፤ አማካዩን የሚያወጣው መሣሪያም የሚቆጥረው ይህንን ነው።

ሦስተኛው እኛው ነን። በክረምት ማገዶው ይረጥባል። እርጥብ እንጨት ነበልባል ሳይሆን ጭስ ነው የሚሰጠው፤ ሙቀቱ ውሃውን ለማትነን ያልቃልና። ከሰሉም ዝናብ ቀምሶ ይመጣል። መብራት ሲጠፋ ምጣዱ ወደ ቅጠልና ወደ እንጨት ይመለሳል፣ ሱቁና ፎቁ ጄኔሬተሩን ያስነሳል። ምሽት ላይ በየመንገዱ ዳር የበቆሎ እሸት ይጠበሳል፤ እኔም ከሚገዙት ነኝ፣ ስለዚህ ብዙ አልናገርበትም። ቤት ውስጥ ደግሞ መስኮት ይዘጋል፣ የቡናው ከሰል ለሙቀት ተብሎ ይቆያል። በየክረምቱ "የከሰል ጭስ ቤተሰብ ገደለ" የሚል ዜና የምንሰማው በዚህ ምክንያት ነው። የሚገድለው ሽታም መልክም የሌለው ካርቦን ሞኖክሳይድ ነው፤ ከሰሉ ጭሱን ጨርሶ ቀልቷል ብለን ወደ መኝታ ቤት ስናስገባውም ይወጣል።

የቤት ውስጡን አየር ከውጭው ለይቶ ማየት በአዲስ አበባ አይቻልም። በ2004 ዓ.ም. ገደማ በከተማዋ የተጎሳቆሉ ሰፈሮች በ59 ቤቶች ውስጥ በተደረገ ልኬት የደቃቁ ብናኝ የ24 ሰዓት አማካይ እንጨትና ከሰል በሚያነዱት ከ1,100 ማይክሮግራም በላይ፣ በላምባ በሚያበስሉት ከ600 በላይ ሆነ። እዚህ ላይ ቆም ብሎ ማየት የሚገባው ሦስተኛው ቁጥር ነው። በኤሌክትሪክና በመሳሰለው ንጹሕ ኃይል በሚያበስሉት ቤቶች እንኳ ከ300 በላይ ነበር። ጎረቤቱ ካነደደ፣ ግድግዳው ጭቃና ቆርቆሮ ከሆነ፣ አየሩ የጋራ ነው። ለአንድ ቤት ብቻ ንጹሕ አየር የሚባል ነገር የለም።

ከፍታው ሌላም ነገር ያደርጋል። እዚህ የአየር ግፊት ከባሕር ጠለል ሩብ ያህል ያንሳል፤ በእያንዳንዱ ትንፋሽ የምናገኘው ኦክስጅንም እንዲሁ። ሞተርም እንደ ሰው ነው የሚተነፍሰው። ለጠረፍ ከተማ የተስተካከለ አሮጌ ካርቡረተር እዚህ ሲመጣ ለሚያገኘው አየር ነዳጁ ይበዛበታል፤ ያልተቃጠለው በካርቦን ሞኖክሳይድና በጥላሸት መልክ ይወጣል። የናፍጣ ሞተርም ዳገት ላይ ጥቁር የሚተፋው በከፊል ለዚህ ነው፤ ከተማዋ ደግሞ ከዳገት የተሠራች ናት። አዲሶቹ ሞተሮች አየሩን እየለኩ ራሳቸውን ያስተካክላሉ። ችግሩ ለረጅም ዓመታት ያስገባናቸው አብዛኞቹ መኪናዎች ሌላ አገር አገልግለው የጨረሱ መሆናቸው ነበር። ከኅዳር 2008 እስከ ኅዳር 2009 ዓ.ም. በመሐል ከተማ የተካሄደ ጥናት የደቃቁን ብናኝ አማካይ ወደ 54 ማይክሮግራም አድርሶታል። ከዚህ ውስጥ 28 በመቶ ያህሉ ከተሽከርካሪ፣ 18 በመቶ ያህሉ ከማገዶ፣ 17 በመቶ ያህሉ ከአፈር የመጣ ነበር። ኤምባሲው ያለው ወደ እንጦጦ በሚወስደው መንገድ፣ ከመሐል ከተማ ከፍ ብሎ ነው፤ እዚያ የተለካው የዓመት አማካይ ደግሞ ከ20 እስከ 30 መካከል ሲዋዥቅ ኖሯል። መሣሪያውም ዘዴውም የተለያየ ስለሆነ ሁለቱን ቁጥሮች ፊት ለፊት ማጋጨት አይገባም። ያም ሆኖ ቁልቁለቱን ለሚያስብ ሰው አቅጣጫው እንግዳ አይደለም።

ስለዚህ "የአዲስ አበባ አየር" የሚባል አንድ ነገር የለም። የእንጦጦ ጎን አየር አለ፣ የመርካቶ አየር አለ፣ በወንዝ ዳር የተጠጋጉት ቤቶች አየር አለ፣ የአቃቂ አየር አለ። ፋብሪካዎቹ አብዛኞቹ የተተከሉት በደቡቡ ዝቅተኛ ቦታ ነው፤ ለባቡሩና ለወደቡ መንገድ ስለሚቀርብ ምርጫው በጊዜው ምክንያት ነበረው። ነገር ግን ሌሊት ከላይ የሚወርደው ቀዝቃዛ አየር የሚያርፍበት ቦታ ያው ነው። አቃቂ የራሱን ጭስ በሰሜኑ ጭስ ላይ ደርቦ ያድራል። በደቡብ ምዕራብ ያለውን ቆሼን መቼም ማንም አይረሳውም፤ መጋቢት 2 ቀን 2009 ዓ.ም. የተደረመሰውና ከመቶ በላይ ሰው የቀበረው የቆሻሻ ተራራ ለአሥርት ዓመታት ሲጨስ የኖረው ሰው በሚኖርበት ሰፈር መሐል ነው። ድሃው የሚኖረው አየሩ በሚከማችበት ቦታ ነው ብል ማጋነን አይመስለኝም፤ ወንዝ ዳርና ዝቅተኛ መሬት ርካሽ ነው።

በአቀማመጥ ከእኛ ጋር የምትመሳሰለው ሜክሲኮ ሲቲ ናት። 2,240 ሜትር ላይ፣ ከእኛ በባሰ ሁኔታ በተራሮች ተከባ ትገኛለች። እ.ኤ.አ. በ1992 በተባበሩት መንግሥታት ዘገባ ከዓለም ታላላቅ ከተሞች አየሯ የከፋ ተብላ ነበር። ተራሮቹ ዛሬም በቦታቸው ናቸው፤ የደረቁ ወቅት ማለዳዋም ዛሬም ይታፈናል። የተለወጠው ወደዚያ አየር የሚገባው ነገር ነው። እርሳስ ከቤንዚን ወጣ፣ በከተማው ያለው ትልቁ የነዳጅ ማጣሪያ እ.ኤ.አ. በ1991 ተዘጋ፣ አዳዲስ መኪናዎች የጭስ ማጣሪያ እንዲኖራቸው ተገደደ። በሰሌዳ ቁጥር ተራ መኪና ማሳገድም ሞክረዋል፤ ሰው ሁለተኛ አሮጌ መኪና ገዛና የተገኘው ጥቅም አጠያያቂ ሆነ። ኦዞኑ እስካሁን ያስቸግራታል፤ ሆኖም ከዚያ ዘመን አየሯ ጋር የሚወዳደር አይደለም። "ተራራ ከቦናል፣ ምን እናድርግ" ለሚል ሹም መልሱ እዚያ አለ።

እኛ ከሜክሲኮ የምንሻልበትም ነገር አለ። ኤሌክትሪካችን ከሞላ ጎደል ከውሃ የሚመነጭ ነው፤ ከከተማዋ ዳር የሚጨስ የድንጋይ ከሰል ማመንጫ የለም። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ አሮጌ መኪና ማስገባትን እጅግ አስወደደ፤ በ2016 ዓ.ም. ደግሞ መንግሥት በቤንዚንና በናፍጣ የሚሠሩ የቤት መኪናዎች እንዳይገቡ ከለከለ። ኤሌክትሪክ መኪናው በመንገዱ ላይ ይታያል። የድሮዎቹ ሚኒባሶችና የጭነት መኪናዎች ግን ገና ብዙ ዓመት ይሮጣሉ፤ አዲስ ማገድ አሮጌውን አያነሳም። የኮሪደር ልማቱም ሁለት መልክ አለው። ሲቆፈርና ሲፈርስ በበጋ አቧራውን ሰፈሩ ሁሉ በልቶታል። ሲነጠፍ ደግሞ የ1996ቱ ጥናት የወቀሰው ያልተነጠፈ የመንገድ ዳር ይቀንሳል። የሕንፃው ነገር ግን ያሳስበኛል። ከምሥራቅ የሚመጣው የከሰዓት ነፋስ ነው በበጋ የሚያድነን፤ ያንን መንገድ በረጃጅም ፎቅ ግድግዳ ስንዘጋ ነፋሱን ማን ጠየቀው? የከተማ ፕላን የውሃ መውረጃን ያሰላል። የአየር መውረጃንም ቢያሰላ ክፋት የለውም።

ከሁሉም በላይ የምግብ ማብሰያው ጉዳይ ነው ሚዛን የሚደፋው። እንጀራ ብዙ ሙቀት ይፈልጋል። ዳግማዊ ምኒልክ በ1880ዎቹ ባሕር ዛፍን ባያስመጡ ኖሮ ዋና ከተማዋ በማገዶ እጥረት ወደ አዲስ ዓለም ለመዛወር ተቃርባ ነበር፤ የእንጦጦን ማገዶ በጀርባቸው ተሸክመው የሚወርዱት ሴቶች ከዚያ ታሪክ የቀጠሉ ናቸው። የኤሌክትሪክ ምጣድ ያለው ቤት ብዙ ነው፤ ችግሩ መብራቱ የሚጠፋው ምጣዱ በሚጣድበት ሰዓት መሆኑ ነው። በክረምት የመብራት መቆራረጥን ግማሽ ማድረግ ከማንኛውም የአየር ብክለት ዘመቻ የበለጠ ጭስ የሚቀንስ ይመስለኛል። የኤሌክትሪኩ መሥሪያ ቤት ራሱን የጤና መሥሪያ ቤት አድርጎ አያውቅም፤ ሥራው ግን እዚያ ያደርሰዋል።

የአካባቢ ብክለት ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 300 ከወጣ ከ1995 ዓ.ም. ጀምሮ ሕግ አጥተን አናውቅም። ያጣነው ልኬት ነው። እ.ኤ.አ. ከ1970ዎቹ ወዲህ የከተማዋ አየር ምን ያህል እንደተበላሸ ለማወቅ የበርሚንግሃም ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች የተጠቀሙት የብናኝ መሣሪያን አልነበረም፤ እንዲህ ያለ መዝገብ አልነበረምና። በአየር ማረፊያው ለበረራ ተብሎ ሲመዘገብ የኖረውን ዓይን የሚያይበትን ርቀት መረጃ ነበር የተጠቀሙት። በዚያ ስሌት ብናኙ በ62 በመቶ ጨምሯል፤ በናይሮቢ 182፣ በካምፓላ 162 በመቶ። የአሜሪካ መንግሥት በየካቲት 2017 ዓ.ም. ኤምባሲዎቹ የሚለኩትን የአየር መረጃ ማሰራጨት አቆመ። የሰው አገር መሣሪያ ላይ ተደግፎ መኖር እስከዚያ ድረስ ነው።

ስለዚህ ጥያቄዬ ለከተማው አስተዳደርና ለሜትዎሮሎጂ ኢንስቲትዩት ነው። መሣሪያ ትከሉ፤ እንጦጦ ግርጌና ቦሌ ብቻ ሳይሆን አቃቂ ላይ፣ መርካቶ ውስጥ፣ ቀበና ሸለቆ ሥር። ውጤቱን በየሰዓቱ አውጡ። ማታ ከዜና በኋላ የነገውን ዝናብና ሙቀት ስትነግሩን የነገ ጠዋቱን ጭስም ጨምሩበት። የትምህርት ቤት ርእሰ መምህር በታኅሣሥ የጠዋቱን ስፖርት ክፍለ ጊዜ ወደ 5 ሰዓት እንዲያዛውር፣ አስም ያለባት እናት ማለዳ ከቤት ከመውጣቷ በፊት እንድታውቅ የሚያስፈልገው ይኸው ነው። እስከዚያው ለአንባቢ፦ በበጋ የምትሮጡ ከሆነ ከረፋዱ 4 ሰዓት በኋላ ሩጡ፤ በክረምት ከሰል ይዛችሁ አትተኙ፤ በመጪው ኅዳር 12 ደጃችሁን ጥረጉ፣ ጥራጊውን ግን ለቆሻሻ ሰብሳቢዎቹ ስጡ።